ሰዓት ያልተጻፈበት ናሙና

ከጥቂት ዓመታት በፊት በ24 ጊደሮች ላይ አንድ ሙከራ ሠርተን ነበር። ሐሳቡ ውስብስብ አልነበረም፤ ግማሾቹ ከመኖአቸው ጋር አንድ ተጨማሪ ንጥረ ነገር ያገኛሉ፣ ግማሾቹ አያገኙም፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ የሁለቱም ቡድን ደም ተወስዶ ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞን መጠኑ ይነጻጸራል። ውጤቱ ሲመጣ ንጥረ ነገሩን ያላገኙት ጊደሮች ኮርቲሶል በግልጽ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ለሁለትና ለሦስት ቀናት ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር። ደስታዬን ያበላሸው የገዛ እጅ ጽሑፌ ነው። በናሙና መዝገቡ ላይ ጊደሮቹን የመዘገብኳቸው ደማቸውን በወሰድንበት ተራ ስለነበር፣ ቁጥሮቹን በዚያው ተራ ስደረድራቸው ኮርቲሶሉ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ጊደር እንደ ደረጃ እየጨመረ ሄደ። ንጥረ ነገሩን ያላገኙት በጋጣው መጨረሻ በኩል የቆሙት ናቸው፤ እኛ ደግሞ ሥራውን ከበሩ ጀምረን ስለነበር እነሱ ዘንድ የደረስነው ከሁሉ በኋላ ነው። የለካነው የመኖውን ውጤት ሳይሆን የራሳችንን መምጣት ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት የኮርቲሶልን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ላም የሚያስፈራት ነገር ስታይ አድሬናሊን በሴኮንዶች ውስጥ ደሟ ውስጥ ይገባል፤ የኮርቲሶል መንገድ ግን ረዘም ያለ ነው። በአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ መልእክት ይልካል፣ ፒቱታሪው ሆርሞኑን በደም አማካይነት ከኩላሊት በላይ ወዳለው አድሬናል ዕጢ ይሰዳል፣ የአድሬናል ዕጢው ውጫዊ ክፍልም ኮርቲሶሉን ያን ጊዜ ሠርቶ ያወጣል እንጂ ቀድሞ አዘጋጅቶ አያስቀምጥም። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃዎችን ይወስዳል። በአእዋፍና በዱር እንስሳት ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንስሳው ከተያዘ 3 ደቂቃ ሳይሞላው የተወሰደውን ደም ብቻ እንደ መነሻ መጠን የሚቀበሉት በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ጋጣ የመጀመሪያዋ ጊደር ምን እንደመጣባት ሳታውቅ መርፌው ወጥቶላት ነበር፤ ሃያ አራተኛዋ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል የብረቱ በር ሲንኳኳ፣ ጓደኞቿ በገመድ ሲያዙና ሲጮኹ ስትሰማ ቆይታለች።

ደም ሳይወስዱ መለካትም ይቻላል። የኮርቲሶል ስብርባሪ በፋንድያ ውስጥ ይገኛል፣ ኮርቲሶሉ ራሱ በወተትና በፀጉር ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን እያንዳንዱ የየራሱ ሰዓት አለው፤ የላም ፋንድያ የሚናገረው ከግማሽ ቀን ገደማ በፊት ስለነበረው ሁኔታ ሲሆን ፀጉር ደግሞ ያደገበትን የሳምንታትና የወራት ታሪክ ይዞ ይቆያል። የዛሬውን ድንጋጤ ከፀጉር ውስጥ መፈለግ፣ ወይም የሁለት ወር ኑሮን በአንድ ጠብታ ደም መመዘን ከንቱ ድካም ነው። ሆኖም ይህን የሚያደርጉ የጥናት ዕቅዶች በየጊዜው እጄ ላይ ይደርሳሉ።

ኮርቲሶል ከፍ ሲል የሚለወጠው እሱ ብቻ አይደለም። ከደም ሥሮች ግድግዳ ጋር ተጣብቀው የነበሩ ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይላቀቁና ወደ ዝውውሩ ይገባሉ፤ ሊምፎሳይት የተባሉት ሌሎቹ ነጭ ሕዋሳት በተቃራኒው ከዝውውሩ ወጥተው ወደ ሌሎች ሕብረ ሕዋሳት ይሄዳሉ። ስለዚህ የፈራ እንስሳ ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙ ኒውትሮፊልና ጥቂት ሊምፎሳይት ያሳያል፤ ያልጠነቀቀ አንባቢም ይህን ስዕል አይቶ ባክቴሪያ ገብቷል ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በዶሮ የኒውትሮፊልን ሥራ የሚሠራው ሕዋስ ሄትሮፊል ይባላል፤ ግሮስና ሲግል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 የሄትሮፊልና የሊምፎሳይት ጥምርታ የዶሮዎችን ውጥረት ለመመዘን እንደሚያገለግል ካሳዩ ወዲህ ይህ ጥምርታ የዶሮ ምርምር የዘወትር መለኪያ ሆኗል። ጥምርታው የሚለወጠው በደቂቃዎች ሳይሆን በሰዓታት ስለሆነ ደም ወሳጁ ራሱ የሚፈጥረው ድንጋጤ ያን ያህል አያዛባውም። እኔም ያንን ሙከራ ስሠራ የደም ስላይድ አዘጋጅቼ ብሆን ኖሮ ከብዙ እፍረት በዳንኩ ነበር።

የነጭ የደም ሕዋስ ቆጠራ ሲነሳ ዝርያን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በጤነኛ ውሻ ደም ውስጥ ኒውትሮፊል ከሊምፎሳይት ይበልጣል፤ በጤነኛ አዋቂ ላም ግን ሊምፎሳይቱ ነው የሚበዛው። የላም መቅኒ በክምችት የሚይዘው የኒውትሮፊል መጠን አነስተኛ በመሆኑ፣ ድንገተኛና ከባድ የጡት ብግነት ሲይዛት ኒውትሮፊሎቿ ወደ ጡቱ ስለሚጎርፉ በደሟ ውስጥ ያለው ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ከመጨመር ይልቅ ሊወርድ ይችላል። ዕውቀቱን ከውሻ ሕክምና ብቻ የቀሰመ ባለሙያ ይህን ውጤት ቢያይ ላሚቱ ምንም እንዳልሆነች ይገምት ይሆናል፤ እሷ ግን በዚያው ሰዓት በሞትና በሕይወት መካከል ናት። ድመት ደግሞ የራሷ አመል አላት። በሣጥን ተይዛ የመጣች ጤነኛ ድመት ከድንጋጤ ብቻ በደሟ ያለው ስኳር የስኳር በሽተኛ እስክትመስል ድረስ ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ሐኪሞች ፍሩክቶዛሚን የተባለውን ያለፉትን አንድ ሁለት ሳምንታት ስኳር የሚያንጸባርቅ መለኪያ ይጨምራሉ።

የብግነት ጠቋሚ የሆኑት ፕሮቲኖችም እንዲሁ ናቸው። ጉበት ብግነት በተነሣ በሰዓታት ውስጥ አንዳንድ ፕሮቲኖችን በብዛት ማምረት ይጀምራል፤ የትኛውን እንደሚያመርት ግን በዝርያው ይወሰናል። በውሻ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለው በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። በድመት ይኸው ፕሮቲን ይህ ነው የሚባል ጥቅም ስለሌለው ሴረም አሚሎይድ ኤ ይለካል፣ በፈረስም እንዲሁ። በላም ሃፕቶግሎቢን ይመረጣል፤ በጤነኛ ላም ደም ውስጥ ከናካቴው የለም ለማለት እስከሚያስደፍር ድረስ ትንሽ ነው፣ ማህፀኗ ወይም ጡቷ ሲበግን ግን ከመቶ እጥፍ በላይ ሊያሻቅብ ይችላል።

ትኩሳት ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ምላሽን ከበሽታ ጋር አንድ አድርጎ የማየት ስሕተት እንደ ትኩሳት የተስፋፋበት ቦታ የለም። ወራሪ ጀርም ሲገባ የመከላከያ ሕዋሳት ኢንተርሉኪን 1ን፣ ኢንተርሉኪን 6ንና ቲ-ኤን-ኤፍን የመሳሰሉ መልእክተኞችን ይለቃሉ፤ እነዚህም በአንጎል አካባቢ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የተባለ ኬሚካል እንዲመረት ያደርጋሉ፣ ሃይፖታላመስም የሙቀት ልኩን ወደ ላይ ያነሣዋል። እንስሳዋ የምትንቀጠቀጠው ሰውነቷ ገና አዲሱ ልክ ላይ ስላልደረሰ ነው። ይህ ነገር ጉዳት ነው ወይስ መከላከያ የሚለው ክርክር ለረጅም ጊዜ መፍትሔ ያጣው አጥቢ እንስሳት ላይ ሙቀቱን ለብቻው መለየት ስለሚያስቸግር ነው፤ ትኩሳቱን በመድኃኒት ስታወርደው መድኃኒቱ ሌላም ነገር ይነካል። ክሉገር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተሙት ሙከራ መውጫውን ያገኘው በእንሽላሊት ነው። የበረሃ ኢጉዋና የራሷን ሙቀት ከውስጥ አታመነጭም፤ ሲያስፈልጋት ፀሐይ ትሞቃለች እንጂ። ተመራማሪዎቹ ሕያው ባክቴሪያ የተወጉትን ኢጉዋናዎች በ34፣ በ36፣ በ38፣ በ40 እና በ42 ዲግሪ ሴልሺየስ ለያይተው ሲያቆዩአቸው ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር በሕይወት የተረፉት በዙ። ነጻ ቢተዋቸው ደግሞ የታመሙት ኢጉዋናዎች ራሳቸው ወደ ሞቃቱ ስፍራ ይሄዳሉ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ትኩሳቱ እግር አውጥቶ ሲሄድ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ቤንጃሚን ሃርት የተባለ በዴቪስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪም፣ የታመመ እንስሳ ጆሮውን ጥሎ፣ መኖ ትቶ፣ ፀጉሩን መላስ አቁሞ ጥግ መያዙ የመዳከም ምልክት ብቻ ሳይሆን ትኩሳቱን ለመሸከም የሚያስፈልገውን ጉልበት የመቆጠብ የተቀናጀ ስልት መሆኑን ጻፈ። ጋጣ ውስጥ ቆሜ ማመስኳት ያቆመች ላም ባየሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ። ቴርሞሜትርም ቢሆን ያለ ዝርያና ያለ ሰዓት አይነበብም። የዶሮ ጤነኛ ሙቀት 41 ዲግሪን ያልፋል፤ ለፈረስ ይህ ከባድ ትኩሳት ነው። ውኃ የተጠማች ግመል ደግሞ ማለዳ ወደ 34 ዲግሪ ትወርድና ከሰዓት በኋላ ከ40 በላይ ትደርሳለች፤ ላብ ከማውጣት ይልቅ ሙቀቱን አከማችታ በሌሊቱ ብርድ ትለቀዋለች። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በአንድ ቀን የጻፈ ጀማሪ ቴርሞሜትሩን ቢጠረጥር አልፈርድበትም።

የማን ምላሽ ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በጥጃ ነው። የላም የእንግዴ ልጅ የእናቲቱን ፀረ እንግዳ አካላት ወደ ጽንሱ ስለማያሳልፍ ጥጃ የሚወለደው ደሙ ከእነዚህ አካላት ባዶ ሆኖ ነው ማለት ይቻላል። ያለው ተስፋ እንገር ነው። የጥጃው አንጀት እነዚህን ትላልቅ ሞለኪውሎች ሳይፈጫቸው ወደ ደም የሚያሳልፈው ከተወለደ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ በሩ በየሰዓቱ እየጠበበ ሄዶ 24 ሰዓት ገደማ ሲሆን ይዘጋል። ጥሩ የሚባለው እንገር በሊትር 50 ግራም ወይም ከዚያ በላይ አይ-ጂ-ጂ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ይኖረዋል። ይህን በጋጣ ውስጥ ለመገመት የስኳር መለኪያ የሆነው ብሪክስ ሪፍራክቶሜትር ይበቃል፤ አንዲት ጠብታ ቢጫ እንገር መስታወቱ ላይ ታሳርፍና ወደ ብርሃን አዙረህ ስታይ ሰማያዊና ነጩ የሚገናኙበት መስመር 22 ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ታጠጣለህ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ የጥጃው ሴረም፣ ማለትም ደሙ ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ፣ ሲለካ በሊትር ከ10 ግራም በታች አይ-ጂ-ጂ ካለው እንገሩ አልደረሰውም ይባላል።

እንገሩ በደንብ የደረሰው ጥጃ ለተመራማሪ ሌላ ወጥመድ ይዞ ይመጣል። የሁለት ወር ጥጃ ደም ለአንድ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል ቢያሳይ ቫይረሱ የያዘው እናቱን ሊሆን ይችላል፣ ወይም እናቱ ተከትባ ይሆናል፤ ጥጃው ራሱ ከቫይረሱ ጋር ፈጽሞ ተገናኝቶ አያውቅ ይሆናል። በዚያው ወቅት ክትባት ቢሰጠው ደግሞ የእናቱ አካላት ክትባቱን ቀድመው ስለሚይዙት የራሱ ምላሽ ደካማ ይሆናል። የጥጃው ዕድሜ በወር ያልተጻፈበት ሴረም የሚልኩልኝ ሰዎች ያስገርሙኛል፤ እኔ ግን አልቀበልም።

የዕድሜ ነገር ሲነሣ የዶሮን ቡርሳ አለመጥቀስ አይቻልም። ጣሊያናዊው ፋብሪሺየስ ከገለጸው በኋላ ይህ ከዶሮ ፊንጢጣ አጠገብ ያለ ከረጢት ለዘመናት ሥራው ሳይታወቅ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ብሩስ ግሊክ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከለጋ ጫጩቶች ላይ ቆርጦ ቢያወጣውም የጎላ ለውጥ አላየም። በኋላ ቲሞቲ ቻንግ የተባለ ባልደረባው ለተማሪዎች ማሳያ የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል ለማምረት ዶሮዎች ፈልጎ ከእነዚያው ወሰደና የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ የሳልሞኔላ አንቲጂን ወጋቸው፤ ቡርሳቸው የወጣባቸው አብዛኞቹ ምንም አላመረቱም። ጽሑፉ በታወቀው «ሳይንስ» መጽሔት ተቀባይነት ስላላገኘ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው በዶሮ ሳይንስ መጽሔት ላይ ነው። ዛሬ ቢ-ሴል የምንለው፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርተው ሕዋስ «ቢ»ውን ያገኘው ከዚህ ቡርሳ ነው። ዶሮዋ ካደገች በኋላ ቢወጣ ኖሮ ሕዋሳቱ ቀድመው ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ተሰራጭተው ስለሚሆኑ ነገሩ ተሸፋፍኖ ይቀር ነበር።

ወደ ጊደሮቹ ልመለስ። ሙከራውን በዓመቱ ደገምነው። ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ገመድ እያሰርን፣ አንገታቸውን እየዳሰስን፣ መርፌ ሳንወጋ እየፈታን አለማመድናቸው፤ ደም የሚወሰድበት ተራም በዕጣ ሆነ፤ በመዝገቡ ላይ ሰው ወደ ጊደሯ ከቀረበበት እስከ ደሙ መውጣት ድረስ ያለው ደቂቃ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ተጨመረ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ከ24ቱ ሁሉ ከፍ ያለው ኮርቲሶል የአሥራ ሰባተኛዋ ጊደር ሲሆን፣ በስሟ ትይዩ በአዲሱ ዓምድ ውስጥ «9 ደቂቃ፣ መርፌው ሁለት ጊዜ ሳተ» የሚል ተጽፏል።