እጄን የት ላድርገው?

የእኛ ሰው ሐዘንን በአፉ ብቻ አያስታምምም። ለቅሶ ቤት ገብተን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ከማለታችን በፊት ተቃቅፈን ጨርሰናል። እኔ የምሠራበት የምክር ክፍል ውስጥ ግን ሁለት ወንበር አለ፣ መሃል ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት። ስንሠለጥን «ታካሚ አይነካም» ተብለን ነው የወጣነው።

የሥነ ልቦና ትንተና (ሳይኮአናሊሲስ) መሥራች የሆነው ፍሮይድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የታካሚዎቹን ግንባር በእጁ እየተጫነ ትዝታቸውን ያስወጣቸው ነበር። ኋላ ተወው። የእሱን መንገድ ተከትሎ የተነሳው ዊልሄልም ራይክ ግን ወደ ሰውነት ተመለሰ፦ የታፈነ ስሜት ጡንቻ ውስጥ እንደ ጥሩር፣ እንደ ብረት የጦር ልብስ፣ ይደርቃል አለና፣ የተቆለፈውን መንጋጋና ደረት በእጁ ይጫን ጀመር። መጨረሻው አላማረም፤ «ኦርጎን» ያለውን ኃይል የሚሰበስብ ሳጥን ሠራሁ ብሎ ከፍርድ ቤት ጋር ተጋጭቶ እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የሳጥኑን ነገር ተዉት። ስለ ጡንቻው ያለው ግን ዛሬም አልወጣልኝም።

ምክንያቱም የሚመጡልኝ ሰዎች «አዝኛለሁ» አይሉም፤ «ትከሻዬ ተቆለፈ፣ ደረቴን ከበደኝ» ነው የሚሉት። ልጃቸውን የቀበሩ አንዲት እናት ወጌሻ ዘንድ ሲታሹ ብቻ እንደሚቀላቸው ነገሩኝ። አላበዱም። ፀጉር በሚያበቅለው ቆዳችን ላይ ለዝግተኛ ዳበሳ የሚነቁ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሳንቲሜትር በሚሄድ እጅ ነው በደንብ የሚነቁት። ሕፃን ስናባብል ማንም ሳያስተምረን የምንሄድበት ፍጥነት ነው።

ቢሆንም ሕጉን አልንቅም። የተደፈረች ልጅ ፊቴ ተቀምጣ ክንዷን ልዳብስ ብል፣ ከልቧ ቀድሞ ቆዳዋ ይደነግጣል። «አትንኪኝ» ማለትም አይቀላትም፤ ለትልቅ ሰውና ለባለሙያ እምቢ ማለት እንደ ነውር በሚታይበት አገር ዝምታዋን እሺታ ብዬ ልወስደው አልችልም። ለእሷ የራሷ መዳፍ ይበቃል፦ ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ትከተላለች፣ እግሯ ወለሉን ሲረግጥ ታስተውላለች፤ እኔ ከወንበሬ አልነሳም።

እኒያ እናት ግን ራሳቸው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እስቲ እጄን ያዝ አርጊኝ» አሉኝ፤ ያዝኳቸው። ሥራዬን ለሚከታተለው ሱፐርቫይዘሬ የማቀርበው ጥያቄ መያዜን አይመለከትም። የተያዘ እጅ መቼ ይለቀቃል? እሳቸው እስኪለቁ ጠበቅኩ፤ ሰዓቱ አልቆ ቀጣዩ ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር።