ታራሚ ሊፈታ ሲል ቤተሰብ ምን ይዘጋጅ?

«መቼ ነው የሚፈታው?» ብላችሁ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት ቀን ይነገራችኋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያለያያቸው የቆጠራው መነሻ ነው። ፍርዱ ከተነበበበት ቀን የሚቆጥር ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ስህተት ነው። በጣቢያና በቀጠሮ የታሰረበት ጊዜ ይታሰብለታል። ጥቅምት 2010 ተይዞ ሰኔ 2011 ላይ 9 ዓመት የተፈረደበት ሰው ሙሉውን ቢታሰር የሚወጣው ጥቅምት 2019 ነው እንጂ ሰኔ 2020 አይደለም። ስለዚህ የፍርዱን ግልባጭ አውጡና የተያዘበት ቀን በትክክል መጻፉን በዓይናችሁ እዩ። ቤት ውስጥ ከሌለ የመዝገብ ቁጥሩን ይዛችሁ ከፈረደው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጠይቁ።

ቀጥሎ አመክሮ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት ታራሚው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት ሲሞላው፣ ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊፈታው ይችላል። ከላይ ያልነው ሰው 6 ዓመቱን የሚሞላው ጥቅምት 2016 ላይ ነው። ግን «ሊፈታው ይችላል» ነው የተባለው። ጠባዩና ሥራው ይመዘናል፤ በአቅሙ ልክ የተበዳዩን ካሳ መክፈሉም ይታያል። ቤተሰብ የሚዘናጋው በዚህ በመጨረሻው ነው። ካሳው ተከፍሎ ደረሰኝ ወይም የተበዳይ ፊርማ ከሌለ፣ ከፍለናል ማለት ብቻውን አያስኬድም። በአመክሮ ለወጣ ሰው ደግሞ ቀሪው 3 ዓመት አልተሰረዘለትም፤ የፈተና ጊዜው ነው። በዚያ ውስጥ ሌላ ወንጀል ቢሠራ ወደ ቀሪው እስራት ሊመለስ ይችላል።

ይቅርታና ምህረትንም አትቀላቅሉ። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል፣ ጥፋተኛ መባሉ ግን በመዝገብ ይቆያል። ምህረት ጥፋተኝነቱንም ይሰርዛል። የተበዳይ ካሳ ግን በምህረትም አይሰረዝም። ለበዓል ይቅርታ ስም ዝርዝር ውስጥ አስገባላችኋለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ጉዳዩ የሰው ነፍስ ከሆነ ጎጃም ላይ ከበሩ መውጣቱ ግማሽ መንገድ ነው። ደመኛ ያለው ሰው ገበያ መውጣትም፣ ማሳው መዋልም፣ ቤተ ክርስቲያን መሳምም አይችልም። ሽማግሌ መላክ ያለበት ከመፈታቱ ከብዙ ወራት በፊት፣ እሱ ገና ማረሚያ ቤት ሳለ ነው። የሟች ወገን «ወጥቶ አየነው» ካለ በኋላ የሚላክ ሽማግሌ የሚገባው በቁጣ መሐል ነው። ከሽማግሌዎቹ ለሁለቱም ወገን ዘመድ ያልሆነ ቢበዛ፣ የሟች ቤተሰብ የነፍስ አባትም ቢኖርበት ይበጃል።

እርቅ ሲፈርስ ያየነው በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው፦ ከፊሉ ወገን ይዘለላል። የሟችን ሚስት አስታርቀው ወንድሞቹን ይተዋሉ፤ ወይ የአባቱን ወገን ይዘው የእናቱን ይረሳሉ። ሟች ሲሞት ሕፃን የነበረው ልጅ ደግሞ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፤ እሱን የጠየቀው የለም። ማንም ሳይቀር በስም ተጠርቶ ይስማማ፤ ልጅ ካለ አሳዳጊው ፊት ይነገረው። የካሳው መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የተቀበለው ሰው ስም በወረቀት ይስፈር፤ ሁሉም ይፈርሙ፣ የቀበሌው ማህተም ይረፍበት። ይህ ወረቀት ለአመክሮና ለይቅርታ ጥያቄም ይጠቅማል። ድንጋይ ተሸክሞ መውደቁና አብሮ መብላቱ እንደየአገሩ ደንብ ይሁን፤ ወረቀቱን ግን አይተካም።

የመፍቻው ቀን ሲቀርብ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ሌላ መዝገብ አለበት ወይ? በሌላ ወረዳ ያልተዘጋ ክስ ካለ በሩ ላይ ፖሊስ ተረክቦት ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ስሙ። ፍርዱ ላይ «ኃይለማርያም» ተብሎ ማረሚያ ቤት «ሃይለ» ብቻ ከተመዘገበ፣ ወይም የአያት ስም ከተለወጠ፣ ትዕዛዙ ለማስተካከያ ይመለሳል። አርብ ከሰዓት የወጣ ትዕዛዝ እንዲህ ዓይነት እንከን ከገጠመው ሰኞን መጠበቅ ነው፤ መኪና ቀድማችሁ አትከራዩ።

ሲወጣ በአደራ ያስቀመጠውን ገንዘብና ዕቃ ቆጥሮ ይረከብ። በሽመናም በእንጨት ሥራም ያገኘው ካለ ይጠይቅ። ውስጥ ከተማረ የትምህርት ማስረጃውን ያን ቀን ይያዝ፤ በኋላ ለማስላክ መከራ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ከሆነ የዝውውር ወረቀት ሳይዝ አይውጣ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። መድኃኒት ባይወስድም ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለው ቤት ከመግባቱ ጋር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ማረሚያ ቤት ሰው ተጠጋግቶ የሚያድርበት ቦታ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሕፃናት አሉ።

አቀባበሉ ዝም ያለ ይሁን። ጥይት አይተኮስ። ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ይምጣ፣ በሟች ቤት ደጅ የሚያልፈውን መንገድ ትታችሁ ዞራችሁ ግቡ፤ በገበያ ቀንም አታምጡት። እልልታውን የሰማ የሟች እናት ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትም።

መሬቱ ለእኩል ወይም በኪራይ ተሰጥቶ ከሆነ ክረምት ላይ የወጣ ሰው ወዲያው «ማሳዬን» አይበል። ሐምሌ የተዘራው ጤፍ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ አራሹ እስከዚያ ይጨርስ፣ ውሉም ከአዝመራው በኋላ ይፍረስ። ወንድም የሚያርሰው ከሆነ ደግሞ የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንዳለ ቀድማችሁ እዩ። ከእስር ወጥቶ በወንድሙ ሌላ ክስ የሚከፍት ሰው ጥቂት አይደለም።

የወረቀቱ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመፍቻው ወረቀት የቀበሌ መታወቂያ፣ ከዚያ ሲም ካርድ፣ ከዚያ የባንክ ደብተር፤ ባንኩ የትኛውን መታወቂያ እንደሚጠይቅ ቀድማችሁ አጣሩ። የድሮው ስልክ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል ባንክ ያለውን ቁጥር ሳያስቀይር ገንዘብ አይላክለት። የመፍቻውን ወረቀት አምስት ስድስት ኮፒ አስነሱ፤ ለየቢሮው ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ መልሳችሁ ያዙ።