ከኬፕ ፍሎሪዳ ወደ ቢሚኒ፦ ገልፍ ስትሪምን በሸራ ጀልባ መሻገር

ሙሉ ወንዝ የሚሻገር ሰው ከሚወጣበት ዳር ፊት ለፊት አይገባም። ሽቅብ ወጥቶ ይገባል፤ ውኃው እየገፋ ካሰበበት ያደርሰዋል። ከማያሚ በስተደቡብ ካለችው ኬፕ ፍሎሪዳ ተነሥተን በባሃማስ ምዕራብ ዳር ወዳለችው ቢሚኒ ስንሻገርም ያደረግነው ይህንኑ ነው። እዚህ ግን ወንዙ ገልፍ ስትሪም የተባለው የባሕር ጅረት ነው፤ 46 የባሕር ማይል ይሰፋል፤ በሴኮንድም 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ወደ ሰሜን ያጎርፋል። የዓለም ወንዞች በሙሉ ተደምረው የዚህን አንድ ሃያኛ አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ1513 የስፔናዊው አሳሽ የፖንሴ ዴ ሌዮን መርከቦች በዚህ ዳርቻ ወደ ደቡብ ሲቀዝፉ ነፋሱ እያገዛቸው ወደ ኋላ ተንሸራተዋል። የእኛ ጀልባ ከእነሱ ብዙም አትፈጥንም፤ የተሻልነው ጅረቱ የት እንዳለና ስንት እንደሚገፋ አስቀድመን በማወቃችን ብቻ ነው።

ስሌቱ የሚሠራው ከመነሣታችን በፊት፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጀልባችን 11 ሜትር ትረዝማለች፤ ሸራና ሞተር አንድ ላይ ሲሠሩ 6 ኖት ትሄዳለች። አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው፤ ማይሉም 1.852 ኪሎ ሜትር። ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው መስመር ከእውነተኛው ሰሜን 86 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ሰሜን ያዘነብላል። የጅረቱ ፍጥነት ከዳር እስከ ዳር ሲታይ በአማካይ 2.5 ኖት፣ አቅጣጫው ወደ ሰሜን ነው።

ካርታው ላይ ከኬፕ ፍሎሪዳ እስከ ቢሚኒ ቀጥታ መስመር አሰመርን። ከዚያው ከመነሻው ነጥብ ወደ ሰሜን 2.5 ማይል ለካን፤ ይህ ውኃው በአንድ ሰዓት የሚወስደን ርቀት ነው። ከዚህ መስመር ጫፍ ላይ የካርታ ፐርገሉን 6 ማይል ከፍተን የቢሚኒን መስመር የሚቆርጥበትን ቦታ ምልክት አደረግን። ከጫፉ እስከ ምልክቱ ያለው መስመር አቅጣጫ የጀልባዋ አፍንጫ ማየት ያለበት ነው፤ 111 ዲግሪ ወጣ። ከመነሻው እስከ ምልክቱ ያለው ርዝመት ደግሞ በሰዓት ወደ ቢሚኒ በእውነት የምንቀርበው ነው፤ 5.6 ማይል። ስለዚህ ጉዞው 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ውኃው 20 ማይል ያህል ወደ ሰሜን ይወስደናል። በአካባቢው የኮምፓስ መርፌ 7 ዲግሪ ገደማ ወደ ምዕራብ ስለሚያጋድል ያንን ደምረን በኮምፓስ 118 ያዝን። መርፌው ወደ ምዕራብ ሲያጋድል ይደመራል እንጂ አይቀነስም። እዚህ ላይ መሳሳት የ14 ዲግሪ ስሕተት ነው፤ በ46 ማይል ጉዞ ላይ ከ11 ማይል በላይ ያርቃል።

ያንኑ ሦስት ማዕዘን በ5 ኖት ብንሠራው አፍንጫው 116 ዲግሪ ላይ ይውላል፤ ጉዞውም 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሆናል። በ4 ኖት 125 ዲግሪና ወደ 14 ሰዓት። የፍጥነት አንድ ሦስተኛ ሲቀነስ የጉዞው ጊዜ በአንድ ሦስተኛ ሳይሆን በ70 ከመቶ ይጨምራል። ለዝግተኛ ጀልባ የሚሻለው ከማያሚ መነሣቱ ራሱ አይደለም። በፍሎሪዳ ጥልቀት የሌለው የውስጥ ባሕር ወደ ደቡብ ወርዶ ከኪ ላርጎ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ አጠገብ ቢወጣ መንገዱ ከ50 ማይል በላይ ይረዝማል፤ ነገር ግን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚያቀና ጅረቱ ከጎን መግፋቱን ትቶ በከፊል ከኋላ ይረዳል። ለ5 ኖት ጀልባ ጊዜው ከማያሚ ከመነሣት ብዙም አይበልጥም፤ ሞተሩ መሐል ላይ ቢደክም ደግሞ ሽቅብ በቂ ቦታ አለ።

ጅረቱ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ጉልበቱ ያለው ወደ ፍሎሪዳ ባደላው በኩል ነው፤ እዚያ 3.5 ኖትና ከዚያም በላይ ይሄዳል፣ ወደ ቢሚኒ ሲቀርብ ይላላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንደኛው ስሕተት አፍንጫን ሁልጊዜ ወደ መድረሻው ማዞር ነው። ጀልባዋ እየታጠፈች ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ በመጨረሻ ከቢሚኒ በስተሰሜን ሆና ጅረቱን ፊት ለፊት እየተጋፈጠች ወደ ደቡብ ትመለሳለች። በእኛ ፍጥነት ይህ አንድ ሰዓት ገደማ ያስከፍላል፤ የሚከፈለውም ሁሉም ሰው በደከመበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ስሕተት ጥንቃቄ ይመስላል፦ ጂፒኤስ ላይ ያለውን ቀጥታ መስመር ሙጭጭ ብሎ መያዝ። አውቶፓይለቱ፣ ማለት መሪውን በራሱ የሚይዘው መሣሪያ፣ በዚህ መንገድ ከታዘዘ ጉልበተኛው ውኃ ላይ አፍንጫውን 36 ዲግሪ ወደ ጅረቱ ያዞራል፤ የምንቀርብበት ፍጥነትም ወደ 5 ኖት ገደማ ይወርዳል። ሩብ ሰዓት ያህል የሚጠፋው በዚህ ነው።

እኛ አውቶፓይለቱን መስመር እንዲከተል ሳይሆን 118ን ብቻ እንዲይዝ አዘዝነው። መጀመሪያ ላይ ውኃው ገና ስላልበረታ ጂፒኤሱ ወደ 106 ዲግሪ፣ ማለት ከመስመሩ ወደ ደቡብ እንደምንሄድ አሳየ። ከዚያ ጅረቱ ሲይዘን ወደ 76 ዞረ፤ ከመሐል ካለፍን በኋላ ተመልሶ 96 አካባቢ ተቀመጠ። ካርታው ላይ የተሳለው መንገድ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው። ዓይን ያስጨንቃል፤ እጅ መሪውን ካልነካሁ ይላል። የሚቆጠረው ግን ውኃው አሁን የገፋው ሳይሆን እስከ ማብቂያው በጠቅላላ የሚገፋው ነው። በየሰዓቱ ያለንበትን ቦታ መዝግበን ከታሰበው ጋር አነጻጸርን፤ ልዩነቱ ከ3 ማይል ካልበለጠ አቅጣጫ ላለመቀየር አስቀድመን ተስማምተን ነበር።

አየሩ ከስሌቱ ይበልጣል። ከነፋሱ ውስጥ ሰሜን የሚባል ነገር ካለ፣ ሰሜን ምዕራብም ሰሜን ምሥራቅም ቢሆን፣ አይሄድም። ውኃው ወደ ሰሜን እየሄደ ነፋሱ በፊቱ ሲመጣበት ማዕበሉ ያጥራል፣ ከፍ ይላል፣ ግድግዳ ሆኖ ይሰበራል። በቁጥር እንየው፦ 15 ኖት የሰሜን ነፋስ 3 ኖት በሚሄድ ውኃ ላይ 18 ኖት ሆኖ ያርፋል፤ ያው 15 ኖት ከደቡብ ቢመጣ 12 ብቻ ነው። ባሕር ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ይህን አያስተውልም፤ ከወደቡ አፍ ጥቂት ማይል ወጥቶ ሌላ ባሕር ያገኛል። ሰሜኑ ከቆመ በኋላም ማዕበሉ ወዲያው ስለማይተኛ ቢያንስ አንድ ቀን እንጠብቃለን።

በብርዱ ወራት ቀዝቃዛ አየር በየሳምንቱ ገደማ ከሰሜን ምዕራብ ይወርዳል፤ ነፋሱም በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል፦ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ። የምሥራቅና የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ለብዙዎች መልካም ይመስላል፤ ማዕበሉን አያስቆጣምና። ነገር ግን አፍንጫችን 111 ዲግሪ ላይ ስለሚሆን ሁለቱም ከ25 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን ፊት ለፊት ይመጣሉ፤ ሸራ እዚያ አይሠራም። ከ10 ኖት በታች ከሆኑ በሞተር ይሄዳሉ፤ ከበረቱ ድካም ብቻ ነው። እኛ የጠበቅነው ቀጣዩ ብርድ ከመድረሱ በፊት ያለውን የደቡብ ነፋስ ነው፤ ከ10 እስከ 14 ኖት፣ ከጎን 70 ዲግሪ ላይ። አደጋው ጊዜው ጠባብ መሆኑ ነው። ስለዚህ በትንበያው መሠረት ብርዱ ሊደርስ ቢያንስ 30 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ብቻ መነሣት ይፈቀዳል ብለን ወሰንን፤ አምስት ቀን ወደብ ላይ የተቀመጥነውም ለዚህ ነው። ቀን ቆርጦ ለእንግዳ ቀጠሮ የሰጠ ሰው ይህን መጠበቅ አይችልም፤ ቀጠሮ ያለበት ጀልባ ከቁጥሩ ይልቅ ቀጠሮውን ይሰማል።

ከዝግጅቱ ብዙ ጊዜ የወሰደው ናፍጣው ነው። ሞተር በዚህ መንገድ ላይ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ተሰብሮ አይደለም፤ ማዕበሉ የነዳጅ ታንኩን ሲንጠው ለዓመታት ከሥር የተኛው ዝቃጭ ተነሥቶ ፊልትሮውን ስለሚደፍን ነው። ከታንኩ ሥር 2 ሊትር ያህል ቀድተን በመስታወት ዕቃ አየነው፣ አተላው እስኪጠራ ደጋገምን። ሁለት መለወጫ ፊልትሮ፣ የማቀዝቀዣ ውኃ ፖምፓ ኢምፔለር (ውኃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል) እና ቺንጊያ ያዝን። ፊልትሮ ቀይሮ አየሩን ከመስመሩ ማስወጣትንም ወደብ ላይ በሰዓት ለካነው፤ 20 ደቂቃ ፈጀ። በእነዚያ 20 ደቂቃዎች በጉልበተኛው ውኃ ላይ ጀልባዋ ከአንድ ማይል በላይ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ሞተሩ በሰዓት 3 ሊትር ይጠጣል፤ ለመሄጃ 25 ሊትር ቢበቃም 75 ይዘናል፤ ለመመለስም ለመጠበቅም እንዲበቃ።

ሞተሩም ሸራውም ቢከዱ ውኃው በቀን 60 ማይል ወደ ሰሜን ይወስዳል። ስለዚህ አንዱ ብቻ ቢከዳም መሸሻው ሁልጊዜ ቁልቁል ነው። ከመሐል በፊት ከሆነ ወደ ማያሚ ለመመለስ አንታገልም፤ ወደ ምዕራብ እየሄድን 25 ማይል ወደ ሰሜን ወዳለው ፖርት ኤቨርግሌድስ እንወርዳለን። ከመሐል ካለፍን ወደ ግራንድ ባሃማ ዌስት ኤንድ። ሁለቱንም ካርታው ላይ አስቀድመን አሰመርናቸው፤ ሰው ሲደነግጥ መስመር አያሰምርምና።

ሰው ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ጂፒኤሱ ላይ ያለው የአደጋ ቁልፍ ሲጫን ቦታውን የሚያስቀምጠው በምድር ነው፤ ሰውየው ግን ከውኃው ጋር ይሄዳል። በ3 ኖት ውኃ ላይ ከ10 ደቂቃ በኋላ ምልክቱ ግማሽ ማይል ደቡብ ቀርቷል። ጀልባዋ በዚያው ውኃ ላይ ስላለች ሸራ አውርዶ በዓይን መያዝ ወደ ምልክቱ ከመመለስ ይሻላል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አለመውደቅ ነው፤ ከሽፋኑ የወጣ ሁሉ በማሰሪያ ከመደቡ ጋር ይታሰራል፣ ቀንም ቢሆን። የ406 ሜጋኸርትዝ የአደጋ ጠሪው ከመውጫው በር አጠገብ ነበር፤ ቪኤችኤፍ ሬዲዮው በ16ኛው ቻናል ላይ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሣን። ሰዓቱ የተመረጠው ከመድረሻው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው፦ ወደ ቢሚኒ የሚገባበት መንገድ አሸዋው የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ጥልቀቱ በውኃው ቀለም ይነበባል፤ ለዚህ ፀሐይ ከአናት በላይ መሆን አለባት። ጠዋት ብንደርስ ፊታችን ላይ ታበራብን ነበር።

የጅረቱን መጀመሪያ ያወቅነው በሦስት ምልክት ነው። የውኃው ሙቀት መለኪያ ከ23 ወደ 25 ዲግሪ ወጣ፤ የአፍንጫው አቅጣጫና የጂፒኤሱ አቅጣጫ ተለያዩ፤ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ውኃው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ታየ። መርከቦችም የጅረቱን ቦታ ይናገራሉ፤ ወደ ሰሜን የሚሄዱት ነዳጅ ለመቆጠብ መሐሉን ይይዛሉ፣ ወደ ደቡብ የሚወርዱት የፍሎሪዳን ዳር ተጠግተው ያልፋሉ። 18 ኖት የሚሄድ መርከብ 6 ማይል በ20 ደቂቃ ይጨርሳል። ከአንድ ማይል በታች የሚቀርብ ሆኖ ሲታየን በሬዲዮ በስሙ ጠርተን ከኋላው እንደምናልፍ እንነግረው ነበር። ኤአይኤሱ (የመርከቦችን ስም፣ ቦታና ፍጥነት የሚያሳየው መሣሪያ) የሚያሳየውን ርቀት አምኖ ከፊቱ ለማለፍ መሞከር አይገባም፤ ጀልባዋ ፍጥነቷን ካጣች ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጅረቱ ላላ። ያነጣጠርነው በቢሚኒ መግቢያ ላይ ሳይሆን ከሱ 2 ማይል ደቡብ ላይ ነበር፤ ከመግቢያው በስተሰሜን ሆኖ ሽቅብ ከመቅዘፍ በስተደቡብ ሆኖ ከጅረቱ ጋር መውረድ ይቀላልና። የምሥራቁ ዳር ከጠበቅነው ይልቅ ስለደከመ ከዚያም ወደ ደቡብ አለፍን፤ ደሴቲቱ ስትታይ መግቢያው በስተግራ 4 ማይል ርቆ ነበር። አፍንጫዋን ወደ ሰሜን አዞርን፤ ውኃውም ነፋሱም ከኋላ ሆነው ያንን በግማሽ ሰዓት አስጨረሱን። ጥልቀት መለኪያው ለሰዓታት ምንም አያነብም ነበር፤ ከደሴቲቱ አጠገብ በድንገት 200፣ 60፣ 12 ሜትር እያለ መጣ፣ ውኃውም ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ነጣ ያለ አረንጓዴ ተለወጠ። ሸራውን አውርደን፣ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ቀለሙን እያየ፣ በካርታው አሮጌ መስመር ሳይሆን በተንሳፋፊዎቹ ምልክቶች መካከል በ3 ኖት ገባን። ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሆን 15 ደቂቃ ሲቀረው ገመድ አሰርን፤ የመግቢያ ፈቃድ ገና እንዳልተሰጠን የሚናገረው ቢጫው ባንዲራ ከምሰሶው ጎን ተሰቀለ፣ ካፒቴኑም ፓስፖርቶቹንና የጀልባዋን መዝገብ ይዞ ብቻውን ወደ ጉምሩክ ወረደ። መግቢያው እስኪፈቀድ ሌላው ሰው ከጀልባው አይወርድም።