ባቦጋያ ዳር ሦስት ጓሮ አይተን መጣን

የችግኝ እቁብ አለን። አሥራ ሁለት ነን። በወር አንዴ እጣ የወጣለት ሰው ቤት እንሰበሰባለን፤ ሌሎቻችን አንድ አንድ ችግኝ ይዘን እንሄዳለን። ባለእጣው አሥራ አንድ ችግኝ ይዞ ይቀራል፣ እኛ ቡናችንን ጠጥተን እንመለሳለን። ሦስት ዓመት ሲሞላን ግን የሁላችንም ግቢ አንድ ዓይነት መሆን ጀመረ። «እስቲ የማናውቀውን ጓሮ እንይ» ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ማሰናዳቱም የእኔ ሆነ።

ቢሾፍቱን መረጥኩ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው። ሐይቅ ዳር ያሉት የግል ግቢዎች ግን አጥር ውስጥ ናቸው፤ የማያውቁትን ሰው በር አንኳኩቶ «አትክልትዎን ያሳዩን» ማለት አይሆንም። ከመካከላችን የአንዷ አክስት ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ይኖራሉ። በእሳቸው በኩል ሦስት ቤት አገኘን። ሲደውሉ አብሬያቸው ነበርኩና አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰው ጓሮውን ማሳየት ይወዳል፣ የሚያሳስበው የእንግዳው ብዛት ነው። ስለዚህ ሦስት ቃል ገባን። ከአሥራ ሁለት አንበልጥም፣ ቤቱን ፎቶ አናነሳም፣ ለምሳ አታስቡ። ሦስተኛው አልሆነም። ሁለተኛው ቤት ስንደርስ ሽሮው ተሠርቶ እየጠበቀን ነበር፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። እኛም ለየቤቱ ድፎ ዳቦ፣ ቡናና አንድ አንድ ችግኝ ይዘን ነበር።

ጊዜውን ኅዳር መጀመሪያ አደረግነው። ከመስቀል በኋላ ወዲያው ቢሆን ኢሬቻ አለ። እዚያው ቢሾፍቱ ባለው ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ላይ ሲከበር ከተማው በሰው ይሞላል፤ መንገዱም የበዓሉ ነው። ኅዳር ላይ ጭቃው ደርቋል፣ አረንጓዴው ገና አለ። ሚኒባስ ተከራይተን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሳን። ይህ ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ቆሞ ማውራት ይከብዳል።

ያጠፋሁት ቁልቁለቱ ላይ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች የተኙት እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ባቦጋያ ብቻውን እስከ 65 ሜትር ይጠልቃል፣ ዳሩም እንደ ድስት ጠርዝ ነው። ቤቱ ላይ ነው፣ ጓሮው ወደ ውኃው ይወርዳል። ይህን እያወቅኩ ስንት ደረጃ እንዳለ አልጠየቅኩም። ከእኛ ሁሉ ታላቅ የሆኑት እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኛ ስንወርድ እሳቸው በረንዳ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። እስካሁን ያሳዝነኛል።

የመጀመሪያው ግቢ እርከን ነው። በድንጋይ የተካበ ስድስት ደረጃ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቬቲቨር ሣር። የቬቲቨር ሥር ወደ ጎን አይንሰራፋም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይገባል፣ አፈሩን ይይዛል፣ የጎረቤቱን ተክል አይሻማም። መሬቱ ላይ ቀይ ጠጠር ተነስንሷል፣ መንገድ ሠራተኞች ሬድ አሽ የሚሉት። ፀሐዩ እርጥበቱን እንዳይወስደው ይሸፍናል። ቡጋንቪላው በእርከኑ ላይ ፈስሷል። ውበቱን ለመግለጽ አልሞክርም፤ ሁላችንም ዝም ብለን ቆምን።

ሁለተኛው ቤት ላይ ግን ደነገጥኩ። ሐይቁ እግር ሥር ነው፣ የአቮካዶው ቅጠል ጫፍ ግን ተቃጥሏል። ጽጌረዳውም ቅጠሉ ቢጫ፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ። ባለቤቱ ጋሼ «ውኃ እናጠጣዋለን፣ ምን እንደነካው እንጃ» አሉ። መልሱን ያመጡት በረንዳ ላይ የቀሩት እትዬ ናቸው። እኛ ታች ስንዞር እሳቸው ከአትክልተኛው ጋር ሲጨዋወቱ ቆይተዋል። ልጁ እንዲህ ብሏቸዋል፦ «በፓምፕ የሚሳበው የሐይቁ ውኃ ነው። ቡጋንቪላና እሬት ይችሉታል። አቮካዶ አይችለውም።»

ትክክል ነው። እነዚህ ሐይቆች መውጫ ወንዝ የላቸውም። ውኃው ይተናል፣ ጨውና ሶዳው ይቀራል፤ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) 9 አካባቢ ነው። በዚህ ውኃ የሚጠጣ ተክል አፈሩ ውስጥ ብረት እያለ መሳብ ያቅተዋል፤ ቢጫነቱ ከዚያ ነው። ማዳበሪያ ቢጨምሩበት አይድንም። የሚረዳው ብስባሽና የዝናብ ውኃ ነው። እዚያው ቆመን አሰላን፦ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1,000 ሊትር ይወርዳል። ጋሼ አሸንዳ አላቸው፣ ውኃው ግን ሁሉ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል። ሁለት ሮቶ ቢገዙ ለአቮካዶው ይበቃል። ልጁ ይህን ለረጅም ጊዜ ሲያውቅ ማንም አልጠየቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጓሮ ስጎበኝ በመጀመሪያ የማናግረው በየቀኑ የሚያጠጣውን ሰው ነው።

ሦስተኛው ቤት ትንሽ ኩሬ ነበራት፤ ላይዋ ሐምራዊ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ተክል። አንዳችን «ትንሽ ይቆረጥልኝ» ስትል የባሕር ዳሯ ጓደኛችን እጇን ያዘቻት። እምቦጭ ነበር። በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፣ ጣና ላይ በ2011። የእሷ ዘመዶች በጀልባና በእጅ ሲነቅሉት ኖረዋል። ለመራባት ቁራጩ ብቻ ይበቃዋል፣ ዘሩም ለዓመታት ጭቃ ውስጥ ይቆያል። የቤቱ እመቤት አላወቁም ነበር፤ ለአበባው ሲሉ ነው ያስገቡት። ማንም አልገሠጻቸውም። እጅጌያችንን ሰብስበን አብረናቸው አወጣነው፣ ከውኃው ርቆ ደረቅ መሬት ላይ አሰጣነው። ወደ ሐይቁ የሚወስድ ቦይ እንደሌለም አየን። ቡናው ከዚያ በኋላ ተፈላ።

ከተመለስን በኋላ እቁባችን ላይ አንድ ደንብ ጨመርን፤ ችግኝ የሚያመጣ ሰው ስሙንና ከየት እንዳመጣው ይናገራል።

ለጥር ጣና ሐይቅ ዳር ያለውን ዘጌን አስበናል። ገበሬዎቹ ከዛፍ ሥር የሚያለሙትን ቡና እናያለን። ጣና ዓባይ ስለሚወጣበት ውኃው ጨዋማ አይደለም፤ ጓሮውም ሌላ ዓይነት ይሆናል። ትናንት ለሚያስተናግደን ሰው ደውዬ ነበር። በመጀመሪያ የጠየቅኩት ከጀልባው እስከ ቡናው ድረስ ዳገቱ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ነው። እትዬ ይመጣሉ።