የፐርዝ ኮረብታና ወንዝ ያበጀው እባብ

ከሜልበርን ፐርዝ አራት ሰዓት የሚጠጋ በረራ ነው። ስለ በረራው እኔ የምጨምረው የለም፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ሕፃን ሁሉንም ብሎታል።

ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ከተማው ውስጥ ስንት ዓመት ኖራ፣ ኮረብታው ላይ ያለውን መናፈሻ ኪንግስ ፓርክን የምታውቀው በሐበሻ ሠርግ ፎቶ ብቻ ነው። «ኮረብታ ልታይ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?» አለችኝ። ግን አብራኝ ወጣች።

መውጫው 242 ደረጃ ነው። የሰፈሩ ሰው ለስፖርት ይመላለስበታል። አንድ ሽማግሌ፣ እኛ አንዴ ሳንጨርስ ሦስቴ አለፉን። በሦስተኛው ቆም ብለው ለአክስቴ ልጅ የውሃ ኮዳቸውን ዘረጉላት። ጠጥታ መረቀቻቸው፤ በአማርኛ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ላይ ሲደርሱ ስዋን ወንዝ ሐይቅ እስኪመስል ተንጣሎ ይታያል። ፎቆቹ ከሥር ናቸው። መንገዱ ዳር የተተከሉት ዛፎች ሥር በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ስም ተጽፏል። በ2008 እ.ኤ.አ. በስተ ሰሜን ካለው ከኪምበርሊ አካባቢ 3,200 ኪሎ ሜትር በመኪና ተጭኖ የመጣ፣ ዕድሜው 750 ዓመት የሚገመት፣ ቦአብ የሚባል ግንደ ሆዳም ዛፍም አለ። እኔ ብሆን እዚያው ተዉኝ እል ነበር።

ያስጎበኘችን የአካባቢው ነባር ሕዝብ የኑንጋር ተወላጅ ናት። ወንዙን ያበጀው ዋጉል የሚባል ትልቅ እባብ ነው አለችን፤ በሄደበት መሬቱ እየተቦረቦረ ውሃ ሞላው፤ ዛሬም የውሃው ጠባቂ እሱ ነው። ኑንጋሮች ውሃ ዳር ሲደርሱ አንድ እፍኝ አሸዋ ወደ ውስጥ ይበትናሉ፤ መምጣታቸውን ለእሱ ማሳወቂያ ነው።

የአክስቴ ልጅ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «በስመ አብ! ለእባብ ሰላምታ?» አለች። አልፈረድኩባትም። እኛ ያደግነው አርዌ ሕዝቡን አስገብሮ በመጨረሻ ሲገደል እየሰማን ነው። እባብ ወንዝ ሠርቶ ሲመሰገን መስማት ለእኔም አዲስ ነበር። ደስ አለኝ።

ያናደደኝ የኮረብታው ግርጌ ነው። ጉኒኒናፕ የሚሉት የዋጉል ማረፊያ፣ ምንጭ ያለበት ቦታ እዚያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቢራ ፋብሪካ ሠሩበት። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ሕንፃው ለንግድ ሊታደስ ሲል፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ኑንጋሮች ቦታው ላይ ሰፍረው ተቃወሙ። ሰሚ አላገኙም፤ ዛሬ ምግብ ቤትና አፓርታማ ነው። ላይ ለእያንዳንዱ ወታደር ዛፍ ተክሎ ስም የጻፈ ከተማ፣ ታች ይሄን ማድረጉ አልገባኝም።

ወንዙ ዳር ወርደን አሸዋዬን በተንኩ። ውሃው ጥልቅ አይደለም፤ አሸዋው ሲሰጥም ትንንሽ ዓሦች ምግብ መስሏቸው ግር ብለው መጡ። እሷ አማትባ ራቅ ብላ ቆመች።

ከዚያ ቡና አማረን። የበዓል ቀን ነው ብለው ሂሳቡ ላይ 15 በመቶ ጨመሩብን። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ግን ማን ያየዋል? የአክስቴ ልጅ ደረሰኙን ገልብጣ አየችና «ጀበናዬ ቤት ቁጭ ብሎ!» ብላ እስከ ማታ ስታማርር ዋለች።