ሁለቴ መረጥን፣ ሁለቴ ነኩት

ዋሽንግተን ዲሲ ምግብ ቤት የምንሠራ ሐበሾች ስንገናኝ ወሬያችን የቲፕ (የጉርሻ) ሕጉ ነው። አስተናጋጅ ስለሆንኩ ጉዳዩ በቀጥታ ኪሴን ይነካል። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ግን የድምፃችን ነገር ነው።

እዚህ ከተማ ቲፕ የሚቀበል ሠራተኛ የሰዓት ክፍያው ከሌላው ያነሰ ነው፤ ቀሪውን ቲፑ ይሞላዋል ተብሎ። በፈረንጆቹ 2018 ሕዝቡ ይህ ልዩነት ይቅር ብሎ ከ55 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጠ። ወራት ሳይቆይ የከተማው ምክር ቤት ሻረው። በ2022 ኢኒሼቲቭ 82 ተብሎ ለሕዝብ ድምፅ እንደገና ቀረበ፤ 74 በመቶ ገደማ መራጭ ደገፈው። ክፍያችን ከ5 ዶላር ከ35 ሳንቲም ተነስቶ በ2024 10 ዶላር ደረሰ። በ2027 ከሌላው ጋር እኩል ሊሆን ነበር። በጁላይ 2025 ምክር ቤቱ 7 ለ5 በሆነ ድምፅ ሕጉን ቀየረው። አሁን በ2034 እንኳ የሚደርሰው ከመደበኛው ዝቅተኛ ክፍያ 75 በመቶ ድረስ ነው።

በባለቤቶቹ አልፈርድም። የምሠራበት ቤት ባለቤት ራሷ ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት ስትከትፍ ትውላለች። ኪራዩም ሥጋውም ጨምሮባታል። ብዙ ቤቶች ሂሳቡ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ (የአገልግሎት ክፍያ) የጨመሩት ወጪው ከብዷቸው ነው። ግን ደንበኛው ግራ ገባው። በቀደም አንድ ጋሼ ክትፏቸውን በልተው ሲጨርሱ ደረሰኙን ወደ መብራቱ አስጠጉና “ልጄ፣ ይቺ 20 በመቶ የአንቺ ናት?” አሉኝ። ለቤቱ እንደሆነች ነገርኳቸው። ቲፕ የከፈሉ መስሏቸው ነበር።

በረዶ በጣለ ማክሰኞ ማታ ደግሞ ሰው አይመጣም። ቲፑ ካልሞላ ልዩነቱን አሠሪው ይክፈል ይላል ሕጉ። እንግሊዝኛዋን ገና የምትለማመድ፣ ወረቀቷን የምትጠብቅ ልጅ ግን በምን አፏ ነው አሠሪዋን “ሙላልኝ” የምትለው? የሰዓት ክፍያው ራሱ ይጨምር ያልነው ለዚህ ነበር።

ባር ላይ የሚሠራ ጓደኛዬ ደንበኛው ቲፕ ይቀንሳል ብሎ ጭማሪውን ይቃወማል። ቅዳሜ ማታ ጥሩ ይሠራልና ስጋቱ ይገባኛል። በምርጫው ጊዜ ተከራከርን፣ ሁለታችንም ድምፅ ሰጠን፣ አለቀ።

አገር ቤት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1997 ምርጫ፣ እናቴ ገና ሳይነጋ ወጥታ ስትሰለፍ አስታውሳለሁ። ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። ዲሲ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም፤ እዚህ የተተኮሰበት ሰው የለም፣ ምክር ቤቱም ያደረገው ሕግ በሚፈቅድለት መንገድ ነው። ቢሆንም ሕዝብ ሁለቴ የወሰነውን ሁለቴ መንካት ምን ይባላል? ሕጉ መስተካከል ካለበት መልሰው ለእኛው ያቅርቡት።

በ2026 የምክር ቤት ምርጫ አለ። ድምፄን ፈልጎ ለሚመጣ እጩ ሁሉ አንድ ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ፦ ያኔ ብትኖሩ ከ7ቱ ነበራችሁ ወይስ ከ5ቱ? ቀድሞውንም ምክር ቤት ለነበረ ደግሞ መዝገቡን አይቼ እሄዳለሁ።