የቦርከናን ጋራ ዓሣ ደሴ ላይ በገንዳ ማቆየት፦ ያበላሸሁት ውሃው ላይ ነው

ስለ ክሎሪን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ከስምንት ዓሣ ሰባቱ አይሞቱም ነበር። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ዓሣው ጋራ ይባላል፤ ስሙ ከተራራው ጋራ ጋር ዝምድና የለውም። ከጣት ብዙ አይበልጥም። ከአገጩ ሥር ባለው ክብ መምጠጫ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አረንጓዴውን ሽፋን እየፋቀ ይበላል። አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ በ2007 እ.ኤ.አ. የአገራችንን ጋራዎች ሲከልሱ አምስት አዳዲስ ዝርያዎች መዝግበዋል፤ የአንዱ ስም የተወሰደው ከደምበጫ ነው። ጣና ውስጥ ብቻ የሚኖር አለ። ቦርከና የሚገባበት አዋሽም የራሱ ጋራዎች አሉት። አንዱ ወንዝ ሲበላሽ ከሌላ አምጥቶ መተካት አይቻልም።

ፈቃድ ስጠይቅ ቅጹ ላይ የነበረው «ለማስገር» እና «ለማርባት» ብቻ ነው። «ለማጥናት» የሚል ስለሌለ ሦስት ጊዜ አመላለሱኝ፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ብዛቱን፣ የሚያዝበትን ቦታና የሚመለስበትን ቀን በደብዳቤ ጽፋችሁ ሂዱ።

ገንዳው 80 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መስታወቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ሲሊኮኑ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የሌለበት። ክዳኑ ክፍተት አይኑረው፤ ጋራ በእርጥብ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ዓሦቹን ከኮምቦልቻ በላይ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ከማይደርስበት ገባር ያዝኩ፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ውሃ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ፣ በማለዳ።

አሁን ወደ ውሃው።

ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስ ክሎሪኑ ጠንከር ሊል ይችላል። «አንድ ሌሊት ካደረ ክሎሪኑ ይጠፋል» የሚለውን ምክር ከመሥሪያ ቤትም ከጎረቤትም ሰምቼ አመንኩ። ያሳደርኩት ግን በተከደነ ጀሪካን ነው። ክሎሪን የሚወጣው በውሃው ገጽ በኩል ወደ አየር ነው፤ ጀሪካን ውስጥ ተዘግቶ ያለ ውሃ ሌሊቱን ቢያድርም ያው ነው። ከዚያ ውሃ 40 ሊትር ጨመርኩ። የማጣሪያውን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ አጠብኩት፤ ይሄኛው ስህተት የኔ የብቻዬ ነው።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ዓሦቹ ድንጋዩን ለቀው ወደ ላይ ወጡ። ጋራ ድንጋይ ከለቀቀ ታሟል። ገላቸውን ነጭ ልጋግ ለበሰው፣ ሲተነፍሱ የጉንጫቸው ክዳን ይርገበገብ ነበር። እስኪነጋ አምስቱ ሞቱ። ክሎሪኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ አሞኒያ መጣ፤ ስፖንጁ ላይ የነበሩት አሞኒያውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አብረው ስለሞቱ። በአራተኛው ቀን ሌሎች ሁለት ሞቱ።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ የአየር ድንጋይ (የፓምፑን አየር በትንንሽ አረፋ የሚበትን) አስገብቼ ሁለት ሌሊት አሠራለሁ፤ ከዚያ በመዋኛ ገንዳ መለኪያ ጠብታ እፈትሻለሁ። ካስቸኮለ ክሎሪኑን የሚያጠፋው ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል ጨው አለ፦ 10 ግራም ክሪስታል በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟል። በሊትር 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን ላለው 20 ሊትር ውሃ 14 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ትንሽ ቢበዛ አይጎዳም። ከሮቶ በጠዋት የተቀዳ ውሃ በረዶ ስለሆነ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እስኪቀራረብ ይቆይ። በአንድ ጊዜ ከገንዳው ከአንድ አምስተኛ በላይ አትቀይሩ። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ነው።

የመጽሐፍ ልክ ደሴ ላይ አይሠራም። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር ወደ 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ 7 አይሞላም። ስለዚህ አንድ ፓምፕ በቂ ነው የሚለውን አትስሙ፤ ሁለት ይሁን፣ አንዱ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚቀጥል።

ለምግብ ዳቦም እንጀራም አትጣሉ፤ ውሃውን ያበላሻል፣ ዓሣው ግን ሆዱ ይጎድላል። ሁለት ዙር ድንጋይ አዘጋጁ፦ አንዱ ገንዳ ውስጥ፣ ሌላው ጣሪያ ላይ ፀሐይ በሚያገኘው ባልዲ። አስር ቀን አካባቢ ሲሆነው አረንጓዴ ይለብሳል፣ ትቀያይራላችሁ። ጥርስ በሌለው አፋቸው ሲፍቁት ድንጋዩ ላይ ሞላላ ነጣ ያለ ዱካ ይቀራል፤ መብላታቸውን የማውቀው በሱ ነው።

ስትጨርሱ የያዛችሁበት ገባር፣ ያው ድንጋይ አጠገብ መልሱ። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ቅርብ ነው ብላችሁ እዚያ እንዳትለቁ፤ የዚያ ሐይቅ ውሃ ወደ አዋሽ አይፈስም።